በመስኮቱ ላይ የቀረው ደም

የሥራ ባልደረቦቿ «እመ ጠርሙስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የግቢው ዘበኛ ነው፤ ከመልመዷ የተነሳ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲያጋጥማት ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ሥራዋ ድንች ማራባት ነው። ድንች ማራባት ሲባል ግን መሬት ቆፍሮ፣ ዘር ቀብሮ፣ ዝናብ መጠበቅ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ንጹሕ አየር ከሚነፍስበት የመስታወት ሳጥን ፊት ትቀመጣለች። ከጤነኛ የድንች ቡቃያ ጫፍ ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅንጣት በስለት ቆርጣ፣ ምግቡ እንደ ጄሊ ረግቶ ወደተቀመጠበት ጠርሙስ ታስገባታለች። ትከድናለች። መደርደሪያ ላይ፣ መብራት ሥር ታኖራታለች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። በዚያች ቅንጣት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት መከፈል ይጀምራሉ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ሰንበትበት ሲል ያቺ ቅንጣት ሥርም ግንድም ቅጠልም አውጥታ ራሷን የቻለች ተክል ሆና ትገኛለች።

ጎብኚ ሲመጣ የምታስረዳው እሷ ናት። «ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው ከሕዋስ ነው» ትላለች፤ «እኔም፣ እርስዎም፣ ድንቹም፣ ድንቹን የሚበላው ትልም። ቤት ከጡብ እንደሚሠራ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ጡብ ጡብ አይወልድም፤ ሕዋስ ግን ሕዋስ ይወልዳል። ደግሞ እያንዳንዷ ሕዋስ የቤቱን ሙሉ ፕላን በሆዷ ይዛለች። ከትንሿ ቁራጭ ሙሉው ተክል የሚወጣው ለዚህ ነው።» ይህን ስትናገር ፊቷ ይበራል። ባሏ አናጺ ነው፤ ንግግሯን ከመስማቱ ብዛት በቃሉ ይዞታል። «እኔን ያገባችው በስህተት ነው፤ ልቧ ያለው ድንች ጋ ነው» እያለ ሰው ያስቃል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ የማሳደጊያው ክፍል መስኮት ተሰብሮ አገኘችው። ወለሉ በመስታወት ስብርባሪ ተሸፍኗል፤ ከመደርደሪያዎቹ ሁሉ በስተግራ ጥግ ያለው ብቻ ባዶውን ቀርቷል። እዚያ የነበሩት፣ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ የማይደፍራቸው የአዲስ ዝርያ ቡቃያዎች ነበሩ። ዝርያውን ለማግኘት ስንት ዓመት ተለፍቶበታል፤ ገና ለገበሬ አልተሰጠም፤ ከዚያ ግቢ ውጭ የትም አይገኝም።

ኃላፊው ደረሰ። ለቦታው አዲስ ነው፤ የተማረ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ባዶውን መደርደሪያ አየ።

«ሌሎቹን አልነካም» አለ። «የትኛው እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ወይ የእኛ ሰው ነው፣ ወይ የእኛ ሰው ነግሮታል።»

ከዚያች ቃል በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

እመ ጠርሙስ ወዲያው በልቧ ሰው ማሰር ጀመረች። መጀመሪያ ያሰረችው ዘበኛውን ነው፤ መስኮቱ የተሰበረው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው ተብሏል፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ኳስ ነው የሚያየው። ቀጥላ አዲሷን ሠራተኛ አሰረች፤ ልጅቷ «ይሄ የቱ ነው? ያኛውስ?» እያለች ጥያቄ ታበዛለች። ለሻይ ሲወጡ ደግሞ ኃላፊውን ራሱን አሰረችው፤ የራሱን ቤት ሰብሮ በሰው የሚያመካኝ ስንት አለ። እሷንስ ማን በልቡ አስሯት ይሆን ብላ ግን አላሰበችም።

መርማሪዋ አጭር፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚጠፋ ሴት ናት። ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አገኘች፤ ከክፈፉ ስንጥር ደግሞ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር። ሁለቱንም ለየብቻ አሽጋ ወሰደች። ከዚያ የክፍሉን ሠራተኞች ሰብስባ፣ «ፈቃዳችሁ ከሆነ ከጉንጫችሁ ውስጥ በጥጥ ትንሽ ናሙና እንውሰድ» አለች። ሌሎቹ ሲያመነቱ ቀድማ አፏን የከፈተችው እመ ጠርሙስ ናት። አልፋ ተርፋም አስረዳች።

«ምን ያስፈራል? የጉንጭ ሕዋስም የደም ሕዋስም የያዙት ፕላን አንድ ነው፤ የዚያ ሰው ዲኤንኤ ነው። የሌባው ደም ከማን ጉንጭ ጋር እንደሚገጥም ይታያል፤ ንጹሕ የሆነው በነጻ ይሄዳል። ሕዋስ ሰው አይፈራ፣ ለሰው አያዳላ!»

«እርስዎ አስተማሪ ነዎት እንዴ?» አለቻት መርማሪዋ። እመ ጠርሙስ ደስ አላት።

ውጤቱ ሲመጣ መርማሪዋ ቢሮዋ ጠራቻት። ተቀመጪ እንኳን አላለቻትም።

«ደሙ ያንቺ ነው» አለች።

እመ ጠርሙስ ከሁሉ በፊት የደነገጠችው «እርስዎ» መቅረቱን ሰምታ ነው።

«ምን አሉኝ?»

«መስኮቱ ላይ ያለው ደም ያንቺ ነው። የሴት ደም ነው፤ ከሴትም ያንቺ።»

«ተሳስታችኋል። ናሙናው ተቀያይሮ ነው።»

«እኛም እንደዚያ ብለን ደገምነው። ያው ነው።»

እጆቿን ዘረጋች፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። «የታለ ታዲያ ቁስሉ?» ሴት ሐኪም ተጠርታ መላ አካላቷን አየቻት፤ ጭረት አልተገኘባትም። መርማሪዋ ግን አልተበገረችም። ትንሽ ቁስል ቶሎ ይጠፋል አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ዱላ አነሳች።

«ፀጉሩ ደግሞ የወንድ ነው። ማነው አብሮሽ የነበረው?»

«ማንም! እኔም አልነበርኩም!»

«እሑድ ከቀትር በኋላ የት ነበርሽ?»

ለባሏ «እናቴ ጋ ልሄድ ነው» ብላ ነበር የወጣችው። እናቷ ጋ ግን አልሄደችም። ሲኒማ ቤት ነበረች፤ ብቻዋን። ከማግባቷ በፊት ጀምሮ አልፎ አልፎ ብቻዋን ፊልም ማየት ትወዳለች፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ ማንም ሳያወራት፣ ማንም ምን ልሥራልሽ፣ ይህን ሥሪልኝ ሳይላት። ባሏ ቢሰማ «እኔ እያለሁ ብቻሽን?» ማለቱ አይቀርም፤ ያንን ላለመስማት እናቷን መከለያ ታደርጋለች። ማንንም የማትጎዳ ትንሽ ውሸት ነበረች። ውሸትና ስንቅ ግን እያደር ይቀላል።

የፊልሙን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችላት። መርማሪዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻትና፣ «ፊልሙን ከተማው ሁሉ አይቶታል። አንቺን ያየሽ ማነው?» አለቻት። ጨለማ ውስጥ ማን ማንን ያያል?

አላሰሯትም። ከከተማው እንዳትወጣ ብቻ አስጠንቅቀው ለቀቋት። ኃላፊው ግን በዚያው ቀን ከሥራ አገዳት። «እስኪጣራ ድረስ ነው» አለ፣ ድምፁን ከወትሮውም ዝቅ አድርጎ። ጋዋኗን አውልቃ ስታስቀምጥ አዲሷን ሠራተኛ ከመስታወት ሳጥኑ ፊት ተቀምጣ አየቻት። ወንበሩን ለራሷ ቁመት አስተካክላዋለች።

ነገሩ ቤት ደረሰ። ባሏ የደሙ ነገር ሲነገረው ሳቀ። «ለድንች ብሎ መስኮት የሚሰብር ሌባ! እንኳን ሚስቴ፣ አይጥም አታደርገው» አለ። የሲኒማው ሲነገረው ሳቁን ቀነሰ። የፀጉሩን ሲሰማ የያዘውን መዶሻ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የወንድ ፀጉር» አለ።

«የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ደሙ ያንቺ ነው። ፀጉሩ የወንድ ነው። አንቺ ደግሞ እናትሽ ጋ አልነበርሽም።»

«ሲኒማ ነበርኩ አልኩህ እኮ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን!»

«ብቻውን ሲኒማ የሚገባ ሰው አለ?»

በማግስቱ ሳይነግራት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «የእኔም ፀጉር ይታይልኝ» አለ። ለራሱ የሰጠው ምክንያት ሚስቴን ላግዝ የሚል ነበር። ፀጉሩ የእሱ እንዳልሆነ ሲነገረው ግን ወደ ቤት የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ስልኳ በጠራ ቁጥር ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ገላዋን ለመታጠብ ስትገባ ቦርሳዋ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ይቆያታል። እሷም በተራዋ እሱን ትጠረጥረው ጀመር፤ ለሰው ፀጉር እንዲህ የሚጨነቀው ምን ቢያውቅ ነው? አልጋቸው ላይ ጀርባ ለጀርባ የተኙ ሁለት መርማሪዎች ሆነው ከረሙ።

በዚያ ሰሞን ራሷንም አላመነችም። በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ ሄጄ ይሆን? እያለች መስታወት ፊት ቆማ ክንዷን፣ አንገቷን፣ የጣቶቿን መሐል ትመረምራለች። ሌላ ሰው ቢመሰክርባት «ጠላቴ ነው» ትላለች። በገዛ ሕዋሷ ሲመሰከርባት ግን ማንን ትወቅሳለች? ያውም ለሰው አያዳላም ብላ በአደባባይ ያወጀችው ራሷ ናት። የሠፈር ሰው ሰላምታው አጠረ። ባለሱቁ እንኳን ዕቃ ስትመርጥ ከባንኮኒው ወጥቶ አጠገቧ ይቆማል፤ «ላግዝሽ ብዬ ነው» ይላል።

መርማሪዋ እንደገና ጠራቻት። ሌሊቱን ያልተኛች ትመስላለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መንታ እህት አለሽ?»

«የለኝም። ያለኝ አንድ ታናሽ ወንድም ነው።»

«ወንድም ከሆነ አይጠቅመንም። ደሙ የሴት ነው» አለችና በእጇ አሰናበተቻት።

ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። መንታ ያለችው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። መርማሪዋ የጠየቀችው በሌላ አነጋገር «ያንቺን ሕዋስ የያዘ ሌላ አካል አለ ወይ?» ነው። በእሷ ሥራ ይህ ጥያቄም አይደለም፤ የአንድ ድንች ሕዋስ በመቶ ጠርሙስ ውስጥ ይኖራል። ቆርጠው ሲያስቀምጡት ነው። ታዲያ ከእኔ ማን ቆርጦ ወሰደ? ብላ በራሷ ልትስቅ ስትል እግሯ መሐል አስፋልት ላይ ቀጥ አለ። ከኋላዋ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋባት።

ወስደዋል እኮ። ከዳሌዋ አጥንት፣ በመርፌ ቀድተው ወስደዋል።

ታናሽ ወንድሟን ቤተሰቡ ጢም ካወጣ በኋላም «ማሙሽ» ነው የሚለው። ከዓመታት በፊት የደም ካንሰር ይዞት ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር። ሐኪሞቹ መቅኒ የሚሰጠው ዘመድ ፈለጉ፤ የእናቱ አልገጠመም፣ የእህቱ ገጠመ። የእሱን የታመመ መቅኒ በመድኃኒት አጥፍተው የእሷን ተከሉለት። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሁለቱንም አስቀምጦ ነግሯቸዋል፦ «መቅኒ ማለት የደም ሕዋሳት ፋብሪካ ነው። ከእንግዲህ በወንድምሽ ሰውነት የሚዞረው ደም ያንቺን ፕላን የያዘ ነው። ፀጉሩ፣ ቆዳው፣ ሥጋው ግን የራሱ እንደሆነ ይኖራል።» ማሙሽ አልጋው ላይ ሆኖ «እንግዲህ ከቆዳዬ በታች እትዬ በሉኛ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞልቶት ነበር።

ደሙ የእሷ። ፀጉሩ የወንድ። ሁለት ሰዎች አልነበሩም። አንድ ሰው ነው በዚያ መስኮት የገባው።

ሐሳቡን ከራሷ ልታባርረው ሞከረች። የገዛ ወንድሜን! ብላ ራሷን ተቆጣች። ጥርጣሬ ግን አንዴ ሰበዙ ከተመዘዘ አይቆምም። ማሙሽ ለችግኝ ነጋዴ መኪና ይነዳል። ከሥራ ሊወስዳት ሲመጣ ክፍሉ ድረስ ይገባል፤ በግራ ጥግ ያለውን መደርደሪያ በጣቷ እያሳየች «ይሄ ወርቅ ነው» ያለችው እሷ ራሷ ናት። በየሳምንቱ ሳይመጣ የማይቀረው ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ መከራ ሲወርድባት አንድ ቀን ብቅ አላለም። «ጉንፋን ይዞት ነው» ብላ ነበር እናቷ።

በማግስቱ እናቷ ገበያ የምትሄድበትን ሰዓት ጠብቃ ሄደች። ማሙሽ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። በሩን ከፈተላት። ቀኑ እሳት ነው፤ እሱ ግን እጅጌው እስከ አንጓው የወረደ ሸሚዝ ለብሶ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፏል።

«እትዬ! ልመጣ ነበር እኮ። ጉንፋኑ አልለቀኝ ብሎ ነው።»

ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሻይ ሲቀዳላት በግራ እጁ ነበር፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

«እጅጌህን ሰብስበው» አለችው።

«ለምን?»

«ሙቀት ነው፣ ሰብስበው።»

«ተመችቶኛል።»

ተነስታ እጁን ያዘችው። ልጅ ሳሉ እንደምታደርገው ነበር አያያዟ፤ እሱም እንደ ልጅነቱ አልታገላትም። ሸሚዙን ወደ ላይ ስታወጣው ከቀኝ ክንዱ በታች፣ ዙሪያው የቀላ፣ ቅርፊቱን ገና ያልጣለ ረጅም ቁስል ታየ።

«የመኪና በር ነው» አለ።

«እሺ። እንግዲያው ሁለት ፀጉር ንቀልና ስጠኝ። ይዤ ልሂድ።»

ማሙሽ ቁጭ አለ። ለረጅም ጊዜ የሻይ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ነጋዴው አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ ያንን ዝርያ ካመጣህልኝ ቅርንጫፉን አንተ ትመራዋለህ ብሎታል። በሹፌርነት ማርጀት አንገሽግሾታል። ዘበኛው ኳስ ሲያይ ጆሮው እንደማይሰማ ያውቃል።

«አንቺ ላይ ይመጣል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም፣ እናቴ ትሙት» አለ።

«ሲመጣብኝስ?»

«ቁስል የለሽም፤ ይለቁሻል ብዬ ነው። ደም ብቻውን አይበቃም።»

«ደም ብቻውን እንደማይበቃ ማን ነገረህ?»

መለሰላት፤ ግን ወደ መስኮቱ እያየ ነው። «አንድ ጠበቃ ጓደኛ አለኝ… እንዲሁ እንደ ወሬ ጠይቄው…»

«ጠይቀሃል» አለች። የምትጠይቀውን ጥያቄ ከአፏ ሳታወጣ ፈርታዋለች። «ስትቆረጥ ደሙን አየኸው?»

«አዎ።»

«መስኮቱ ላይ መንጠባጠቡንስ?»

«… አዎ።»

«መሀረብ ከኪስህ አይጠፋም። ለምን አልጠረግከውም?»

ማሙሽ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ከውጭ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ይሰማል። መልሱ መምጣቱ አልቀረም፤ ግን ዘገየ።

«ቸኩዬ ነበር» አለ።

ያቺ መዘግየት ናት የገደለቻት። ቢቸኩል ኖሮ መልሱም ይቸኩል ነበር ብላ አሰበች። ወይስ ደንግጦ ነው? ያን የሐኪሙን ንግግር እዚያ መስኮት ሥር ቆሞ አስታውሶ ይሆን? ደሙን አይቶ፣ የማን ደም እንደሆነ አውቆ፣ እዚያው ይቅር ብሎ ተወው? ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «አላስታወስኩም» ቢላትም እንደማታምነው ገባት።

«እትዬ» አለ፣ እግሯ ሥር ወርዶ፤ «ከሞት ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን መልሰሽ ልትከቺኝ ነው?»

«ከሞት ያወጣሁህ እኔ ነኝ። በመስኮት ያስገባሁህ ግን እኔ አይደለሁም። ነገ ጠዋት አንተው ራስህ ሄደህ ትናገራለህ። ከኔ አፍ አይስሙት።»

እሺ አለ። ማለ። ጉልበቷን ሳመ። እሷም በመንገዷ ሁሉ እያለቀሰች ሄደች፤ ግማሹ ለእሱ ነው፣ ግማሹ ለራሷ።

ጠዋት ከፖሊስ ጣቢያው ማዶ ቆማ ጠበቀችው። ሠራተኛ ገባ፣ ባለጉዳይ ገባ፣ ፀሐዩ ከረረ። ማሙሽ አልመጣም። ስትደውልለት ስልኩ ተዘግቷል። እናቷ ጋ ስትደውል «ሌሊት ነው ለሥራ የወጣው፤ ልብሱን በሻንጣ ይዟል፣ ሩቅ አገር ነው መሰለኝ» አለቻት። መንገዱን ተሻግራ ገባች።

መርማሪዋ ሰምታ እስክትጨርስ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«ከትናንት ወዲያ መንታ የለኝም አልሽ» አለች፤ «ዛሬ ወንድሜ ደሜን ተሸክሞ ይዞራል ትይኛለሽ። ነገስ ምን ልትይኝ ነው?»

«ነገ ሐኪሙ ይነግርዎታል። ስልኩን ልስጥዎት።»

ሐኪሙ አርጅቷል፤ ሕመምተኛውን ግን አልረሳውም። እንዲህ ያለ ሰው አንዱ ሕዋሱ ከሌላው እንደማይገጥም፣ ደሙ የለጋሹን፣ ፀጉሩ የራሱን ፕላን እንደሚያሳይ በእርጋታ አስረዳ። መርማሪዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላም እጇን ከላዩ አላነሳችም። «በዚህ ሥራ እስክሸብት ደም አይዋሽም ስል ኖሬአለሁ» አለች።

ማሙሽን ያገኙት በነጋዴው መጋዘን ውስጥ ነው። ደሙን ወሰዱ፣ ፀጉሩን ወሰዱ። ደሙ የእህቱ፣ ፀጉሩ የመስኮቱ ሆኖ ተገኘ። ሲነገረው ምንም አልተከራከረም። ነጋዴውም አልዳነም፤ «የሰው ንብረት መሆኑን አላውቅም» ቢልም ጠርሙሶቹ የተደበቁት ከማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ነበር። ነጋዴውና ማሙሽ ቡቃያዎቹን ለማየት ሲጓጉ ክዳናቸውን ስለከፈቱት አብዛኞቹን ሻጋታ በልቷቸዋል። ጥቂቶቹ ተርፈዋል።

መርማሪዋ በመጨረሻው ቀን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። «ይቅርታ እንጠይቅዎታለን» አለች። «እርስዎ» ተመልሳለች። እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ግን አልለቀቀቻትም። «እውነቱን ልንገርዎት? አብራችሁ አስባችሁት እንደሆነስ ብዬ ትናንትም አሰላስዬ ነበር። አይቀየሙኝ፣ ሥራዬ ነው።»

እመ ጠርሙስ አልተቀየመችም። እሷም ያንን መንገድ አሁን ታውቀዋለች፤ ሲገቡበት እንጂ ሲወጡበት በሩ አይገኝም።

ሥራዋ ተመለሰች። ኃላፊው በሠራተኞች ፊት «ለአንድ ደቂቃም ተጠራጥሬ አላውቅም» ብሎ ተናገረ። ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ኳሱን በሬዲዮ ነው የሚከታተለው፣ ዓይኑን መስኮቶቹ ላይ ተክሎ። ባሏም በአንድ ምሽት ከእራት በኋላ «እኔ እኮ አልጠረጠርኩሽም ነበር» አላት።

«ፀጉርህን ወስደህ የሰጠኸው ታዲያ ለድንቹ አዝነህ ነው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ እሷ አልሳቀችም። ጠረጴዛውን በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየና «ጠርጥሬሻለሁ» አለ። «ክፉኛ።» ይሄኛው ይሻል ነበር። «እኔም ጠርጥሬሃለሁ» አለችው። የዚያን ለት ፊት ለፊት ተኙ። ከዚያ በኋላ ሲኒማ ስትሄድ ሲኒማ ልሄድ ነው ትለዋለች፤ እሱም ደህና ግቢ ይላል። ፊልሙ ምን እንደነበር ግን ስትመለስ ሁልጊዜ ይጠይቃታል።

የቀረችው እናቷ ናት። ማሙሽ ተፈርዶበት እስር ቤት ከገባ ወዲህ የሴት ልጇን ደጅ አልረገጠችም፤ ስልኳንም ስታነሳ «እህ» ብቻ ናት። እመ ጠርሙስ ሄዳ እግሯ ላይ ብትወድቅም «ተነሺ፣ ወለሉ ይቀዘቅዝሻል» ከማለት በቀር አልመለሰችላትም። ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳይታሰብ መጣች። ከማሙሽ ጥየቃ መመለሷ ነው። ሶፋው ላይ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ሻይ አልነካችውም።

«ከስቷል» አለች።

«ምግብ እልክለታለሁ፣ እማዬ።»

«መላኩንስ ትልኪያለሽ።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በልጄ ሰውነት የሚዞረው ደም ያንቺ ነው አይደል? ፍርድ ቤቱም ያለው ይህንኑ ነው።»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት እኮ ማሙሽ የሰው መርፌ አንስቶ አያውቅም» አለች እናቷ። «ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። ሌባ የሆነው ያንቺን ደም ከተቀበለ በኋላ ነው።»

እመ ጠርሙስ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። የእናቷ ፊት ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«እማዬ፣ የደም ሕዋስ አየር ይሸከማል፣ ከበሽታ ይከላከላል። አመል አይሸከምም። ነገሩን ያሰበው የራሱ ጭንቅላት ነው፤ እሱን እኔ አልሰጠሁትም።»

«አንቺ እንዲህ ትያለሽ» አለች እናቷ።

«እኔ አይደለሁም የምለው፣ ሳይንሱ ነው!»

«ሳይንሱ መጀመሪያም መስኮቱን የሰበርሽው አንቺ ነሽ ብሎ አልነበር?»

ተቃቅፈው ሊላቀሱ ይችሉ ነበር፤ ለአፍታ ያህል የእናቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አይታ እጇን ልትዘረጋም ብላ ነበር። እናቷ ግን ድንገት ተነሳችና መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች። ቤቱ ጠፍቷት አይደለም። በኮሪደሩ በኩል ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመልሳ መጣች፤ ሶፋው ላይ የተወችውን የእጅ ቦርሳዋን አነሳችና ብብቷ ሥር ሸጉጣ ገባች።